የሲ አሊያሲንግ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ፦ ዝም ማሰኘት፣ ማጥፋት ወይስ ማስተካከል?

ኦፕቲማይዜሽን ሳይበራ ሁሉም ቴስት ያልፋል። ኦ2 የሚባለውን የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ ስታበሩ አንዱ ይወድቃል። ምን እንደነካው ለማየት ፕሪንትኤፍ ጣል ስታደርጉበት ስህተቱ ብን ብሎ ይጠፋል። ፕሪንትኤፉን ስታወጡት ተመልሶ ይመጣል። በሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚሰራ ሰው ይህን ድራማ አንድ ቀን ማየቱ አይቀርም።

እኔን ያገኘኝ በአንድ የኔትዎርክ ፕሮግራም ላይ ነው። የፓኬቱን ሄደር በባለ 32 ቢት ቁጥሮች እሞላለሁ። ከዚያ ያንኑ ሄደር በባለ 16 ቢት ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ በያዘ ቫሪያብል) እያነበብኩ ቼክሰም፣ ማለትም ስህተት መፈተሻ ድምር፣ እደምራለሁ። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ሁለቱን ስራዎች አየና "እነዚህ አይገናኙም" አለ። ካልተገናኙ ደግሞ ማን እንደሚቀድም ግድ የለውም። ቼክሰሙን ገና ባልተሞላ ሄደር ላይ አሰላው። ሁለት ቀን ሙሉ ኮምፓይለሩን ስረግም ቆየሁ። በመጨረሻ የግንባታ ትዕዛዞቹ ያሉበትን ሜክፋይል ስከፍት፣ ኮምፓይለሩ ስለዚሁ ጉዳይ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ከወራት በፊት ራሴው ዝም አሰኝቼው ኖሯል።

ስለዚህ ይህ ጽሁፍ ያኔ ማንም ያልነገረኝን ይነግራችኋል፦ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ምን ምን አማራጭ አለ? የትኛው ለየትኛው ኮድ ይሆናል?

ኮምፓይለሩ ምን አስቦ ነው?

ሁለት ፖይንተሮች አንድ የሜሞሪ ቦታ ላይ ሲጠቁሙ አሊያስ ሆኑ እንላለን። ይህ በራሱ ነውር የለውም። ነገር የሚበላሸው የሁለቱ አይነት (ታይፕ) ሲለያይ ነው። የሲ ስታንዳርድ ከ1989 ጀምሮ ስትሪክት አሊያሲንግ እየተባለ የሚጠራ አንድ ህግ አለው፦ በሜሞሪ ያለን ነገር በራሱ አይነት እንጂ በባዕድ አይነት አታንብቡት፣ አትጻፉበትም። የ1999ኙ እትም ህጉን ይበልጥ አብራርቶታል። ከህጉ ነጻ የሆኑ ጥቂቶች አሉ። ኢንትን በአንሳይንድ ኢንት ማንበብ ይቻላል። ቻር ደግሞ የሁሉም ቤት ቁልፍ አለው። ማንኛውንም ነገር በቻር ፖይንተር ባይት በባይት ማየት ይፈቀዳል።

የመጠን እኩልነት ግን አያድንም። ሎንግ እና ሎንግ ሎንግ ሁለቱም 8 ባይት በሆኑበት ማሽን ላይ እንኳ ሁለት የተለያዩ አይነቶች ናቸው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

በቀላል ምሳሌ እንየው። አንድ ፈንክሽን የኢንት ፖይንተርና የፍሎት ፖይንተር ይቀበላል። በኢንቱ ቦታ 1 ይጽፋል። በፍሎቱ ቦታ ዜሮ ይጽፋል። ከዚያ ኢንቱን አንብቦ ይመልሳል። ኦ2 ላይ ኮምፓይለሩ ኢንቱን መልሶ ለማንበብ አይደክምም። "ፍሎት ላይ የተጻፈ ነገር ኢንትን አይነካም" ብሎ በቀጥታ 1 ይመልሳል። ሁለቱንም ፖይንተር ወደ አንድ ቦታ አጠቁማችሁ ብትጠሩት፣ ያለ ኦፕቲማይዜሽን 0 ታገኛላችሁ፤ በኦፕቲማይዜሽን 1። ሁለቱም መልስ ልክ ነው። ህጉን የጣሰው ጠሪው ስለሆነ ኮምፓይለሩ የፈለገውን ማድረግ ይችላል።

ይህ ግምት ለክፋት የመጣ አይደለም። ኮምፓይለሩ "አይገናኙም" ማለት ሲችል ዋጋዎችን በሬጅስተር ይዞ ይቆያል፣ ተደጋጋሚ ንባብ ይቀንሳል፣ ሉፕ ያፈጥናል። ሆኖም ለውጡ ሲመጣ ሰላም አልነበረም። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር በ1999 በወጣው 2.95 እትሙ ይህን ኦፕቲማይዜሽን በነባሪነት አበራው። ብዙ ኮድ ተሰበረ። በ2.95.2 መልሶ አጠፋው። በ3.0 እንደገና አበራው፣ እስከ ዛሬም እንደበራ ነው። ዛሬ ጂሲሲ ላይ ኦ2፣ ኦ3 ወይም ኦኤስ ስትሉ አብሮ ይበራል። ሌላው ኮምፓይለር ክላንግ ደግሞ ገና ከኦ1 ይጀምራል። የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር በአይነት ላይ የተመሰረተ እንዲህ ያለ ግምት አይወስድም። አንድ ኮድ እዚያ ዓመታት ሰርቶ ወደ ጂሲሲ ሲሄድ የሚንኮታኮትበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።

ማስጠንቀቂያውን ምን ያህል ልመነው?

በጂሲሲ ብዙ ማስጠንቀቂያዎችን በአንዴ የሚያበራውን ደብልዩ-ኦል ስትሉ የስትሪክት አሊያሲንግ ማስጠንቀቂያ በደረጃ 3 ይበራል። ሦስት ደረጃዎች አሉት፣ አቆጣጠራቸውም ግራ ያጋባል። ደረጃ 1 በጣም ጯሂው ነው፤ ብዙ የሀሰት ጥሪ ያሰማል ግን ጥቂት ያመልጠዋል። ደረጃ 3 ረጋ ያለና ይበልጥ ትክክለኛ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጩኸቱ ይቀንሳል ማለት ነው። በዚያ ላይ ማስጠንቀቂያው የሚሰራው ኦፕቲማይዜሽኑ ራሱ ሲበራ ብቻ ነው። በኦ0 ብቻ ቢልድ የሚያደርግ ሰው ምንም አያይም።

ደረጃ 3 አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ፊት ለፊት የተደረገውን ነው። የፍሎቱን አድራሻ ወስዳችሁ፣ ወደ ኢንት ፖይንተር ካስት አድርጋችሁ (አይነቱን በግድ ለውጣችሁ)፣ እዚያው መስመር ላይ ብታነቡት ይጮሃል። አድራሻው በሌላ ፋይል ወዳለ ፈንክሽን ከተሻገረ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ነው። ክላንግ ደግሞ የማስጠንቀቂያውን ፍላግ (የትዕዛዝ አማራጭ) ይቀበላል እንጂ ለዓመታት ምንም ሲያደርግበት አልታየም። ስለዚህ "ዋርኒንግ የለም" ማለት "ኮዱ ጤነኛ ነው" ማለት አይደለም።

አንድ ተንኮል ልንገራችሁ፣ እንዳታደርጉት ብዬ ነው። ፖይንተሩን መጀመሪያ ወደ ቮይድ ፖይንተር፣ ከዚያ ወደ ምትፈልጉት አይነት ካስት ካደረጋችሁት ማስጠንቀቂያው አንዳንዴ ይጠፋል። ስህተቱ ግን ቁጭ ብሏል። የጭስ ጠቋሚውን ባትሪ አውጥቶ እንደመተኛት ነው።

ደብልዩ እና ኤፍ፦ የአንድ ፊደል ጣጣ

የእኔ የሁለት ቀን ስቃይ የመጣው ከዚህ ነው። ሁለት ፍላጎች አሉ። አንዱ ደብልዩ-ኖ-ስትሪክት-አሊያሲንግ፣ ሌላው ኤፍ-ኖ-ስትሪክት-አሊያሲንግ። ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ደብልዩው ማስጠንቀቂያውን ብቻ ያፍናል፣ ኮምፓይለሩ ግን ግምቱን ይቀጥላል። ኤፉ ግምቱን ራሱን ያጠፋል። እኔ ኤፉን የጻፍኩ መስሎኝ ደብልዩውን ጽፌ ነበር።

ደብልዩውን እንደ አማራጭ አልቆጥረውም። ኤፉ ግን እውነተኛ አማራጭ ነው፤ "ሰነፍ ሰው ነው የሚጠቀምበት" የሚሉትን አትስሙ። የሊኑክስ ከርነል ራሱ የሚገነባው በኤፍ-ኖ-ስትሪክት-አሊያሲንግ ነው። የከርነሉ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስም ይህን የስታንዳርዱን ህግ በአደባባይ ሲያጣጥለው ኖሯል። ፓይተንም በ2ኛው ትውልድ ዘመኑ በጂሲሲ ሲገነባ ይህን ፍላግ ይዞ ነበር። የኦብጀክቶቹ ስትራክት አሰራር ህጉን ይጥስ ስለነበር ነው። ፓይተን 3 ሲመጣ ያንን አሰራር ከስሩ ቀይረው ኮዱን ከህጉ ጋር አስታረቁት።

ፍላጉ የሚመቸው ለማን ነው? ትልቅና አሮጌ ኮድ ለወረሰ፣ ሁሉንም ካስት ለማንበብ ጊዜ ለሌለው፣ ወይም የራሱ ያልሆነ ላይብረሪ ለሚገነባ። አንድ መስመር ነው፤ ዛሬውኑ ይሰራል። ዋጋው የተወሰነ ፍጥነት ነው። ምን ያህል እንደሆነ ራሳችሁ ለኩ፤ ከኮድ ኮድ ይለያያል። ብዙ ድርድር (አሬይ) ላይ ቁጥር የሚያመላልስ ኮድ ይበልጥ ይሰማዋል።

ሁለት ነገር ግን አይሰራም። አንደኛ፣ ፍላጉ ከኮዱ ጋር አይጓዝም። አንድ ሰው ፋይሉን ወደ ሌላ ፕሮጀክት ቀድቶ ሲወስደው ጥበቃው ሜክፋይሉ ውስጥ ይቀራል። ሄደር ፋይል ውስጥ ለተጻፈ ኮድ ይህ በጣም አደገኛ ነው። ሁለተኛ፣ የአላይመንትን (የአድራሻ አሰላለፍን) ችግር አይፈታም። በ4 የማይካፈል አድራሻ ላይ ኢንት ማንበብ አንዳንድ ፕሮሰሰሮችን ይጥላል፤ ፍላጉ ይህን አያውቀውም።

ሜምኮፒ፦ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ

የፍሎትን ቢቶች እንደ ቁጥር ማየት ፈለጋችሁ እንበል። አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር ታውጃላችሁ። ከፍሎቱ ወደ እሱ 4 ባይት ሜምኮፒ በሚባለው የባይት መቅጃ ፈንክሽን ትቀዳላችሁ። አለቀ። ፍሎቱ 1.0 ከሆነ ቁጥሩ 1065353216 ይሆናል። ህጉ አልተጣሰም፣ አላይመንት አያሳስብም፣ በሲ++ም ይሰራል።

"ለአንድ ቁጥር ፈንክሽን ልጥራ እንዴ?" የሚለው ስጋት ሁልጊዜ ይነሳል። መጠኑ ትንሽና ቀድሞ የታወቀ ሲሆን፣ ኦፕቲማይዜሽን የበራበት ጂሲሲም ሆነ ክላንግ ሜምኮፒን ወደ አንድ የማሽን ትዕዛዝ ይለውጠዋል። ጥሪ የለም፣ ቅጂም የለም። ካላመናችሁ የአሴምብሊ ውጤቱን አውጥታችሁ እዩ። እኔም ያመንኩት አይቼ ነው።

የሚያስቸግርበት ቦታ አንድ አለ። ለባዶ ሃርድዌር ስትጽፉና ኤፍ-ፍሪስታንዲንግ የሚለውን ፍላግ ስትጠቀሙ፣ ኮምፓይለሩ ሜምኮፒን እንደ ተራ ፈንክሽን ሊያየው ይችላል። ያኔ በእርግጥ ጥሪ ይሆናል። መፍትሄው ቢልትኢን የሚለው ቅጥያ ከፊቱ ያለውን የሜምኮፒ ስም መጠቀም ነው። ሌላው ጉድለቱ ለዓይን ነው፦ ኮዱ ይረዝማል። በትንሽ ስታቲክ ኢንላይን ፈንክሽን ሸፍኑትና እርሱት።

ዩኒየን፦ ጥሩ ነው፣ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ

ዩኒየን ውስጥ፣ ማለትም አባላቱ አንድ የሜሞሪ ቦታ በሚጋሩበት አይነት ውስጥ፣ ፍሎትና ኢንት አብሮ ማስቀመጥ፣ በአንዱ ጽፎ በሌላው ማንበብ የቆየ ልማድ ነው። በሲ ይፈቀዳል። የ1999ኙ እትም በመጀመሪያ በዚህ ላይ ግልጽ ስላልነበር ብዙ ክርክር ነበር፤ በ2007 የወጣው ማረሚያ በግርጌ ማስታወሻ ግልጽ አደረገው። ጂሲሲም ይህን እንደሚያከብር በሰነዱ ጽፏል።

ቅድመ ሁኔታው ንባቡ በዩኒየኑ ስም በኩል መሆን አለበት የሚለው ነው። የሁለቱን አባላት አድራሻ ወስዳችሁ ለሌላ ፈንክሽን ብትልኩ ያ ፈንክሽን ዩኒየኑን አያውቅም። ከላይ ወዳየነው የኢንትና የፍሎት ምሳሌ ትመለሳላችሁ። በሲ++ ደግሞ ይህ ዘዴ ከነጭራሹ አልተፈቀደም። ሄደራችሁ በሁለቱም ቋንቋ የሚነበብ ከሆነ ዩኒየንን ተዉት። ሲ++20 ለዚህ ስራ ቢት-ካስት የሚባል የራሱ መሳሪያ አለው።

ለእኔ ዩኒየን የሚያምረው ዳታው ራሱ በተፈጥሮው ሁለት ገጽታ ሲኖረው ነው፤ ለምሳሌ አንድ የሃርድዌር ሬጅስተር በሙሉም በቁራጭም ሲነበብ። ለአንድ ጊዜ ልወጣ ግን ሜምኮፒ ይቀላል።

ባይት በባይት መሄድ

ከፋይል ወይም ከኔትዎርክ የመጣ ዳታ ሲሆን ከሜምኮፒም የሚሻል መንገድ አለ። ባይቶቹን አንድ በአንድ አንብባችሁ በሺፍት ገጣጥሙ። የባይት ቅደም ተከተልን ጣጣ አብሮ ይፈታል። አዳዲሶቹ ኮምፓይለሮች ይህን አጻጻፍ ብዙ ጊዜ ያውቁትና ወደ አንድ ንባብ ይጠቀልሉታል።

የቻር ቁልፍ ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚከፍተው። ኢንትን በቻር ፖይንተር ማየት ይቻላል። የቻር ድርድር አውጃችሁ በኢንት ፖይንተር ማንበብ ግን ጥሰት ነው። የፓኬት በፈር በቻር ድርድር ይዞ በላዩ ላይ ስትራክት "መጫን" የሚወድ ሰው ይህን ደግሞ ያንብበው።

ሌላ የማይወራለት ወጪም አለ። ባለ 8 ቢቱ የቁጥር አይነት በተግባር የአንሳይንድ ቻር ሌላ ስም ነው፤ እሱም ከሁሉም ጋር አሊያስ ሊሆን ይችላል። ርዝመቱን በስትራክት ውስጥ ይዛችሁ፣ በሉፕ ባይት በባይት የምትጽፉ ከሆነ፣ ኮምፓይለሩ "ይህ ባይት ርዝመቱን ራሱን ቀይሮት ይሆን?" ብሎ በየዙሩ ርዝመቱን መልሶ ሊያነብ ይገደዳል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ርዝመቱን ከሉፑ በፊት ወደ ሎካል ቫሪያብል ቅዱ። በዚህች አንድ መስመር ብቻ ሉፕ ሲፈጥን አይቻለሁ።

ሜይ-አሊያስ

ጂሲሲና ክላንግ ለአንድ አይነት "ይህ እንደ ቻር ይቆጠር" የሚል ምልክት መስጠት ያስችላሉ። ሜይ-አሊያስ ይባላል። ከኤፍ ፍላጉ የሚሻለው ጥበቃው ኮዱ ውስጥ ስለሚቀመጥና የሚነካውም ያንን አይነት ብቻ ስለሆነ ነው። ስታንዳርድ አይደለም፤ አላይመንትንም ለብቻው አይፈታም። ብዙ ካስት ያለበት አሮጌ ፋይል ሲኖርና ፋይሉን ማፍረስ ሳትፈልጉ ሲቀር ይመቻል።

ሪስትሪክት የተቃራኒው ወገን ነው

ሰዎች ሪስትሪክት የተባለውን በፖይንተር ላይ የሚጨመር የሲ ቃል ከእነዚህ ጋር ይቀላቅሉታል። የሚሰራው ግን በተቃራኒው ነው። ሌሎቹ ለኮምፓይለሩ "ተጠንቀቅ፣ ሊገናኙ ይችላሉ" ይሉታል። ሪስትሪክት "አይገናኙም፣ በእኔ ይሁንብህ" ይለዋል። ስለዚህ የአሊያሲንግ ማስጠንቀቂያን ለማጥፋት ሪስትሪክት የሚጨምር ሰው እሳት ላይ ቤንዚን እየጨመረ ነው።

ጥቅሙ አይነታቸው አንድ የሆኑ ፖይንተሮች ላይ ነው። ሁለት የፍሎት ድርድሮችን ደምሮ በሦስተኛው የሚያስቀምጥ ሉፕ አስቡ። አይነቱ አንድ ስለሆነ የአይነት ህግ እዚህ አይረዳም። ኮምፓይለሩ ወይ ከሉፑ በፊት ድርድሮቹ መደራረባቸውን ይፈትሻል፣ ወይ በየዙሩ ይጠነቀቃል። ሪስትሪክት ካለ በቀጥታ ይሮጣል። የፎርትራን ቋንቋ በቁጥር ስራ ለረጅም ጊዜ ሲን የሚበልጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር፤ እዚያ ወደ ፈንክሽን የተላኩ ድርድሮች እንደማይደራረቡ አስቀድሞ ይታሰባል።

ታሪኩም ቀላል አልነበረም። በ1988 የሲ ስታንዳርድ ረቂቅ ኖአሊያስ የሚል ቃል ሊያስገባ ሲል የቋንቋው አባት ዴኒስ ሪቺ አጥብቆ ተቃወመ፤ ቃሉም ወጣ። ሪስትሪክት የመጣው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1999 ነው። ቃል የሚገባው ፕሮግራመሩ ነው፤ ቃሉ ሲፈርስ ውጤቱ በዝምታ ይበላሻል። የጂሲሲው ደብልዩ-ሪስትሪክት ማስጠንቀቂያ ግልጽ የሆኑትን ብቻ ይይዛል። እኔ ሪስትሪክትን የማስገባው ፕሮፋይለር (የፍጥነት መለኪያ መሳሪያ) ጣቱን የጠቆመበት ሉፕ ላይ ብቻ ነው።

ታዲያ እንዴት ልምረጥ?

ኮዱ አዲስና የራሳችሁ ከሆነ ብዙ አታስቡ፦ ሜምኮፒ። ዳታው ከውጭ የመጣ ከሆነ ባይቶቹን በሺፍት ገጣጥሙ። ንጹህ ሲ ከሆነና ዳታው ባለ ሁለት ገጽታ ከሆነ ዩኒየን ያምራል።

ኮዱ የተወረሰ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይለያል። መጀመሪያ ኤፍ-ኖ-ስትሪክት-አሊያሲንግ አስገቡና ተረጋጉ። ይህን ለማድረግ ሌላም ምክንያት አለ፦ ፍላጉ ስህተቱን ካጠፋው ተጠርጣሪያችሁ ማን እንደሆነ አወቃችሁ። ካላጠፋው ፍለጋችሁ ወደ ሌላ ይሂድ፤ ያልተሞላ ቫሪያብል ወይም ከድርድር ውጭ መጻፍ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጊዜ ሲኖር በሌላ ቢልድ ፍላጉን አውጥታችሁ፣ ማስጠንቀቂያውን በደረጃ 2 ወይም 1 አብርታችሁ፣ የሚጮኸውን አንድ በአንድ እዩ። የሀሰት ጥሪ ይበዛዋል፣ ግን የት እንደምትጀምሩ ይነግራችኋል።

ከማስጠንቀቂያ የሚሻል ነገርም መጥቷል። በ2025 የወጣው ክላንግ 20 ታይፕሳኒታይዘር የሚባል መሳሪያ ይዟል። ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ በባዕድ አይነት የተደረገ ንባብ ሲያገኝ ያሳውቃል። ሜሞሪ ይበላል፣ ያዘገያልም፤ ለቴስት እንጂ ለደንበኛ የሚሰጥ ቢልድ አይደለም። ከዚያ በፊት የነበሩት መፈተሻዎች፣ አድራሻ ሳኒታይዘርና ዩቢሳን፣ የአሊያሲንግ ጥሰትን አይይዙም። ዩቢሳን ቢያንስ የአላይመንቱን ይነግራችኋል።

ኤልቲኦን፣ ማለትም ፋይሎቹ ሲገጣጠሙ የሚደረገውን ኦፕቲማይዜሽን፣ ልታበሩ ካሰባችሁ ይህን ሁሉ ቀድማችሁ ስሩት። ፋይሎች ተነጥለው ሲገነቡ ኮምፓይለሩ ከአጥሩ ማዶ አያይም፤ ብዙ ጥሰት ተሸሽጎ የሚኖረው በዚህ ነው። ኤልቲኦ አጥሩን ሲያፈርሰው አስር ዓመት በሰላም የኖረ ኮድ በአንድ ሌሊት ይታመማል።

የእኔ የቼክሰም ፈንክሽን አሁን በየዙሩ ሁለት ሁለት ባይት በሜምኮፒ ይቀዳል። ከጂሲሲ የሚወጣው የማሽን ኮድ ፍጥነቱ ከድሮው አላነሰም። ኤፍ ፍላጉ ከፕሮጀክቱ ወጥቷል፤ የቀረው የሌላ ሰው የሆነ የኮምፕሬሽን ላይብረሪ ባለበት ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው። ያንን ላይብረሪ ለማንበብ ገና አልደፈርኩም።